የሞዴል ባቡር እድሳት

የሞዴል ባቡር እድሳት ለብዙ ዓመታት ሳይሠራ የቆየን፣ ብዙውን ጊዜም ከወላጅ ወይም ከአያት የተወረሰን ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ጠግኖ እንደገና እንዲሄድ ማድረግ ነው። ዓላማው ዕቃውን አዲስ ማስመሰል ሳይሆን የቀድሞ ክፍሎቹንና ቀለሙን እንደያዘ እንዲሠራ ማስቻል ነው።

ታሪክ

የጀርመኑ ሜርክሊን በ1891 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ስፋታቸው በደረጃ የተወሰነ ሐዲዶችን አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሐዲድና ፉርጎ እየጨመሩ ስብስብን ማሳደግ ተለመደ። የአሜሪካው ላዮኔል በ1900 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን፣ በእንግሊዝ የሆርንቢ ባቡሮች በ1920 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረቡ።

መጠን

በብዛት የሚታወቀው መጠን ኤች ዜሮ (1:87) ነው። ከ1897 እስከ 1917 እ.ኤ.አ. የተሠራውና ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ፣ በአዋሽና በአዳማ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በዚህ መጠን ወደ 12 ሚሊሜትር ይጠጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ መስመር ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ስለሆነ 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ እንደ እውነተኞቹ ባቡሮች ሁሉ የአንዱ ሞዴል በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም።

የኤሌክትሪክ ፍተሻ

የተወረሰ ባቡር ሳይፈተሽ ሶኬት ላይ መሰካት የለበትም። ከአሜሪካ የመጣ ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። የአሮጌ ሽቦ ልባስ ደርቆ ስለሚሰነጣጠቅ መቀየር አለበት። የኃይሉ ዓይነትም መታወቅ ይኖርበታል፦ የቀድሞዎቹ ላዮኔልና ሜርክሊን በአብዛኛው በተለዋዋጭ ኃይል (ኤሲ) ይሠራሉ፤ ቋሚ ማግኔት ያለው የዲሲ ሞተር ግን ኤሲ ቢሰጠው ከመዞር ይልቅ ይንቀጠቀጣል፣ ይግላልም።

ጽዳትና ጥገና

* ከመፍታት በፊት እያንዳንዱ ደረጃ ፎቶ ይነሳል፤ ብሎኖቹም በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ።
* እንደ ሙጫ የደረቀው አሮጌ ዘይት ከጥርሶቹና ከአክሰሎቹ በአልኮል ይጸዳል። አልኮል ቀለም ስለሚያነሳ አካሉን መንካት የለበትም።
* ሐዲዱ በጨርቅ ይወለወላል። ብርጭቆ ወረቀት የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ስለሚይዝ አይመከርም።
* ያለቁ የሞተር ካርቦኖች ይቀየራሉ።
* በመጨረሻ አክሰሎቹ ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ጥርሶቹ ላይ ጥቂት ግራሶ ይደረጋል።

የእድሳት ወሰን

እርሳስ የተቀላቀለበት የዚንክ ቅይጥ ከጊዜ በኋላ ከውስጥ እያበጠ ይሰነጠቃል። ይህን ማከም ስለማይቻል ክፍሉን መተካት ብቻ ነው አማራጩ። አሮጌ ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል መፋቅ ለጤና አደገኛ ነው። በተጨማሪም እንደገና የተቀባ ባቡር በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይቀንሳል፤ የቀድሞ ባለቤቱ እጅ ያሳረፈው ምልክትም አብሮ ይጠፋል።