ለአዛውንቶች ዕረፍቱም ሸክሙም እንዳይበዛ

በገጠር ዕድሜ ልካቸውን ጥንድ በሬ ጠምደው ሲያርሱ የኖሩ አባት፣ ጉልበታቸው ሲደክም ሞፈርና ቀንበሩን ለልጃቸው ያስረክባሉ። ከዚያ በኋላ ውሏቸው ከደጅ መደብ ላይ ይሆናል። «እርስዎ ይረፉ፤ የድርሻዎን ሠርተዋል» ይባላሉ። አነጋገሩ ከአክብሮት የመነጨ ቢሆንም ጉዳት አለው። ሥራ የለመደ ሰውነት እንቅስቃሴ ሲያጣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሚዛኑን መጠበቅ ያቅተዋል። በዚህም ምክንያት አዛውንቱ በትንሽ እንቅፋት ወድቀው አጥንታቸው ሊሰበር ይችላል።

በዚያው ቤት የእናቲቱ ኑሮ የተለየ ነው። ከባለቤታቸው ጋር አብረው ቢያረጁም ከምድጃው፣ ከውሃው ጀሪካንና ከማገዶው ሸክም አያርፉም። በተለይ ልጅም ምራትም የሌላቸው ድሃ እናት የሚያግዛቸው ስለማይኖር የታመመ ወገባቸውን ይዘው ዳገት ይወጣሉ። ስለሆነም በአንድ መንደር ውስጥ አንዱ በመቀመጥ፣ ሌላው በሸክም ብዛት ይጎዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው ስንፍና ወይም ትጋት ሳይሆን ጾታ፣ የኑሮ ደረጃና የቤተሰብ ጉልበት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይኸውም ለ5 ቀናት በየዕለቱ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው። በተጨማሪም ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ገበሬው ለዚህ የስፖርት ሜዳ አያሻውም። ጓሮ መኮትኮት፣ አጥር ማደስ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ በእግር መሄድ፣ ከበርጩማ ላይ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ይበቃል። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ያለባቸው ግን አስቀድመው የጤና ባለሙያ ማማከር አለባቸው።

በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ ከፍተኛ ነው። በበጋው የተፋሰስ ሥራ አዛውንቶችን «አይችሉም» ብሎ ከመተው ይልቅ፣ ፈቃደኛ ለሆኑት ችግኝ ማጠጣትን፣ ዘር መምረጥንና የእርከን ሥራን መቆጣጠርን የመሳሰለ ቀላል ሥራ መስጠት ይገባል። ረዳት ለሌላቸው እናቶች ደግሞ ከውሃ ቦንቧው ቅድሚያ እንዲያገኙና ወጣቶች ተራ ገብተው ውሃና እንጨት እንዲያመጡላቸው ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በአንድ ስብሰባ ተነጋግሮ መወሰን ይበቃል።