ለአረጋውያን ወላጆች መጦሪያ ስለ መምረጥ
በእንጅባራና በዳንግላ አረጋዊ ወላጅ በልጁ ቤት መጦሩ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ልጆች ለሥራ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ርቀዋልና፣ «እናታችንን ማን ይጡራት?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል።

አቶ ቢንያም በለጠ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት መቄዶንያ ስሙ የታወቀ ነው። ነገር ግን የተቋቋመው ጧሪ ቀባሪ አጥተው በየጎዳናው ለወደቁ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ነው፤ ልጆች ያሏት እናት የእነርሱን አልጋ ልትይዝ አይገባም።

እንግዲህ አቅም ያለው ቤተ ሰብ በክፍያ የሚጦር ቤት ቢፈልግ፣ የግድግዳውን ማማር ሳይሆን የአስታማሚውን እጅ ይመርምር። ሳያስታውቅ በምሳ ሰዓትና በምሽት ይሂድ፤ አንድ አስታማሚ ስንት ሰው እንደሚጠብቅ፣ ሌሊት ማን እንደሚነቃ፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚሰጥ ይጠይቅ። መነሣት ያልቻለ ሰው ሳይገላበጥ ቢውል ገላው ይቈስላልና፣ በስንት ሰዓት እንደሚያገላብጡት ይወቅ።

ቋንቋም አይዘንጋ። የመርሳት ሕመም ሲጸና ብዙ ጊዜ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይጠፋል። በአዊኛ ያደገች እናት አማርኛዋን ብትረሳ፣ ውሃ ጠማኝ ስትል የሚሰማት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቋንቋዋን የሚያውቅ፣ የንስሐ አባቷም ሊጎበኛት የሚችል የእንጅባራ ረዳት በቤቷ ቢቀጠርላት፣ በሩቅ አገር ካለ ያማረ ቤት ሊበልጥ ይችላል።