የድረ ገጽ ገጽታ ሥራና የጊዜ ግምቱ

ሲኤስኤስ የአንድን ድረ ገጽ ቀለም፣ የፊደሉን ዓይነትና መጠን፣ የክፍሎቹን አቀማመጥና በመካከላቸው የሚኖረውን ክፍተት የሚወስን ቋንቋ ነው። ሐሳቡን ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 አቀረበ፤ የመጀመሪያው ደረጃ በ1996 ጸደቀ። ደንበኛ ከተዘጋጀ ቴምፕሌት ይልቅ ለራሱ ብቻ የሚሆን ገጽታ ሲፈልግ የሲኤስኤሱ ደንብ በእጅ ይጻፋል። ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቀድሞ መናገር ግን ከመጻፉ ያላነሰ ሙያ ይጠይቃል።

ብዙ ግምት የሚበላሸው ገና ከመነሻው፣ ገጽ በመቁጠር ነው። ለአምስት ገጽ አምስት ቀን ይባላል፤ ገጾች ግን እኩል አይደሉም። “ስለ እኛ” የሚለው ገጽ ለመነሻ ገጹ የተሠራውን ርዕስ፣ አንቀጽና ግርጌ ወስዶ በአንድ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል፤ የመመዝገቢያ ቅጽ ብቻውን ቀናት ይበላል። መቆጠር ያለባቸው ተደጋግመው የሚመጡት ክፍሎችና እያንዳንዱ ክፍል የሚይዛቸው መልኮች ናቸው።

የቅጹን “ላክ” ቁልፍ እንውሰድ። ዲዛይኑ ላይ አንድ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ነው። ሥራ ላይ ሲውል ግን ማውስ ሲያርፍበት፣ በኪቦርድ ሲደረስበት፣ ሲጫኑት፣ መረጃው እስኪላክ ሲጠበቅና ቅጹ ሳይሞላ ሲቀር የሚይዘው መልክ ይለያያል። ከመደበኛው ጋር ስድስት መሆኑ ነው። ሁሉም በስልክም በኮምፒውተርም ስክሪን መታየት አለባቸው፤ ጽሑፉም በደንብ እንዲነበብ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር ያስፈልገዋል። ሥራው ከግምቱ የሚያልፈው ዲዛይኑ ላይ ባልተሳሉት አምስት መልኮች ምክንያት ነው።

አማርኛ ገጽ የራሱ ሥራ አለው። ዲዛይኑ የተዘጋጀበት ፎንት የግዕዝ ፊደል ከሌለው ብሮውዘሩ መሣሪያው ላይ ያገኘውን ይተካል፤ በማክ ከፋ፣ በዊንዶውስ ኤብሪማ ወይም ኒያላ፣ በአንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሊሆን ይችላል። መጠናቸው ስለማይገጥም አንዱ ጋ በአንድ መስመር ያለቀ የሜኑ ስም ሌላው ጋ ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርዳል። መፍትሔው ፎንቱን ከገጹ ጋር አብሮ መላክ ነው፤ የግዕዝ ፎንት ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርጾች ስላሉት ፋይሉ ይከብዳል፣ ማቅለሉም ጊዜ ይወስዳል። አብዛኞቹ የግዕዝ ፎንቶች ኢታሊክ ስለሌላቸው ብሮውዘሩ ፊደሉን በግድ ያጋድመዋል፤ ስለዚህ አጽንዖቱ በድምቀት ወይም በቀለም እንዲተካ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በግምቱ ውስጥ ለብቻው መጻፍ አለበት።

ነባር ድረ ገጽን ማደስ ከባዶ ከመጀመር ሊብስ ይችላል። በሲኤስኤስ ሁለት ደንቦች ሲጋጩ ብዙውን ጊዜ ይበልጥ ዝርዝር የሆነው ያሸንፋል፤ ከዓመታት በፊት የተጻፈ መስመር አዲሱን ሊሽረው ይችላል፤ የቱ እንደሻረው ፈልጎ ማግኘትም ከባድ ነው። ስለዚህ ግምት ከመስጠት በፊት አንድ ትንሽ ክፍል ቀይሮ የፈጀውን ሰዓት መያዝ በጣም ይጠቅማል። ፋይሉን አንብቦ ብቻ ከመገመት ይሻላል።

የግምቱን ቁጥር ለማውጣት የሚረዳ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1958 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳኤል ሥራ ከወጣው የዕቅድ ዘዴ የመጣ ነው። ሁሉ ነገር ከተቃና የሚፈጀው ሰዓት፣ በአራት የተባዛው የተለመደው ሰዓት፣ ሁሉ ነገር ከተበላሸ የሚፈጀው ሰዓት ይደመሩና ለስድስት ይካፈላሉ። ለመመዝገቢያ ቅጹ 6፣ 9 እና 24 ሰዓት ቢያዝ ውጤቱ 11 ነው። ከተለመደው 9 በላይ የሆነው ክፉው አጋጣሚ ከደጉ ይልቅ ስለሚርቅ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እንደጻፉት፣ ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት የሚታየው ሳይደናቀፍ ሲሄድ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም ቁጥሮች ከምኞት ሳይሆን ተመሳሳይ ሥራዎች በእርግጥ ከፈጁት ሰዓት መውጣት አለባቸው። የሰዓት መዝገብ የሌለው ባለሙያ ይህን ማድረግ አይችልም።

ለደንበኛው የሚሰጠው አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል ነው። አብሮም ገጹ በየትኞቹ ብሮውዘሮችና ስልኮች እንደሚሞከር፣ ስንት ዙር ማስተካከያ እንደሚካተት፣ ጽሑፉና ፎቶው መቼ እንደሚደርስ ይጻፋል። ከዚያ ውጭ የሚመጣ ለውጥ የራሱ ሰዓት ተገምቶ ይያዛል።