ዕዳና ደመወዝ

በሬ ስንገዛ ዋጋውን ብቻ አንጠይቅም፤ ስንት ዓመት እንደሚያርስልንም እናስባለን። ለትምህርት ሲበደሩም እንዲሁ ነው።

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባል የሁለት ዓመት ትምህርት ቤት አለ። ወደዚያ ከሄዱት ልጆቻችን አንዳንዶቹ የጤና ሙያ ይማሩበታል። በፈረንጅ 2023 የዓመት ክፍያው በአማካይ 4,000 ዶላር ገደማ ነበር። ቀለብና የቤት ኪራይ ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ብድሩን የሚያከብደው ይኸው ነው።

ሙያውም ይለያያል። በዚያው ዓመት በክሊኒክ ሐኪም የሚረዳ ሠራተኛ መካከለኛ የዓመት ደመወዙ 42,000 ዶላር፣ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ደግሞ 78,000 ገደማ ነበር። ትምህርቱን ያቋረጠ ግን ደመወዙን አያገኝም፤ ዕዳው ይከተለዋል።

እንግዲህ ልጃችን ሥራ ያዝኩ ብሎ ሲጽፍልን፣ «ላክልን» ከማለታችን በፊት «ዕዳህ ስንት ቀረ?» እንበለው።