እህሉን ማን ለቀመው? የጥንት የውሃ ወፍጮዎችና የዱቄት ደኅንነት ሕግ

በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮሮና እንግሊዞችን ቤት ሲያውላቸው ሁሉም ዳቦ ጋጋሪ ሆነና ሱቆች ከዱቄት ባዶ ቀሩ። ስንዴ አልጠፋም፤ ፋብሪካዎቹም አልቆሙም። ነገር ግን ከአገሪቱ ዱቄት በትንንሽ ከረጢት ለቤት የሚሸጠው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበር የማሸጊያ መስመሮቹ ድንገተኛውን ፍላጎት ሊሸከሙ አልቻሉም። በዶርሴት፣ በስቱር ወንዝ ዳር የሚገኘው የስተርሚንስተር ኒውተን የውሃ ወፍጮ ያኔ ደረሰ። ታሪኩ እስከ 1016 የሚቆጠረው ይህ ወፍጮ ሙዚየም ሆኖ በወር ሁለት ቀን ለጎብኚ ማሳያ ይፈጭ ነበር። በአንድ የጉብኝት ወቅት የሚበቃውን አንድ ቶን ስንዴ ያን ጊዜ በሁለትና ሦስት ሳምንት ፈጭቶ ጨረሰው።

ዱቄቱ የሚወርድበት አሸንዳ ከእንጨት የተሠራ፣ ግድግዳው ያረጀ፣ ማርሹ የዘይት ቅባት የሚሻ ቤት ለገበያ ምግብ እንዲያመርት ተቆጣጣሪዎች እንዴት ይፈቅዳሉ? ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የወረሰችው የ2004 የምግብ ንጽሕና ደንብ ምግብ የሚነካው ገጽ ሁሉ ለስላሳና የሚታጠብ እንዲሆን ያዛል። ይሁን እንጂ ባለሥራው ሌላ ቁስ ለሥራው ተገቢ መሆኑን ተቆጣጣሪውን ካሳመነ ይፈቀድለታል ይላል። የጥንቱ ወፍጮ የሚያልፈው በዚህች በር ነው። እድሜው ወንጀል አይሆንበትም፤ ከማስረዳት ግን አያድነውም።

ምን ማስረዳት እንዳለበት ለመረዳት የእኛን ወፍጮ ቤት ማሰብ ይጠቅማል። እህል የሚያስፈጭ ሰው አስቀድሞ አንፍሶ፣ አበጥሮ፣ ጠጠሩንና እንክርዳዱን ለቅሞ ይመጣል። ባለወፍጮው የሚያስከፍለው የመፍጫውን ብቻ ነው፤ ዱቄቱ ቢያሳምም ተጠያቂው እህሉን ያዘጋጀው ቤት ነው። ዱቄቱ በከረጢት ታሽጎ ለማይታወቅ ገዢ ሲሸጥ ግን የለቀማው ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ወደ ባለወፍጮው ይዞራል። ሃሳፕ የሚባለው የምግብ ደኅንነት አሠራርም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ አደጋው በየት በኩል እንደሚገባ ለይ፣ የት ላይ እንደምታስቆመው ወስን፣ ማስቆምህን በጽሑፍ አሳይ።

የመጀመሪያው አደጋ የሚገባው ከማሳው ነው። ኤርጎት የሚባለው ፈንገስ በአጃ፣ በገብስና በስንዴ ዛላ ላይ ጥቁር፣ ከእህሉ ረዘም ያለ ፍሬ ያበቅላል። መርዙ የደም ሥሮችን አጥብቦ እጅና እግር እስኪበሰብስ ያደርሳል። በ1977 እና 1978 በወሎ ብዙ ሰዎችን እግር ያሳጣው ወረርሽኝ ከገብሱ ጋር በተቀላቀለ ሲናር ላይ ያደገ ይኸው ፈንገስ ነበር። ጥቁሩ ፍሬ ከእህሉ መሐል ለዓይን ይታያል፤ አንዴ ከተፈጨ ግን ማንም አይለየውም። ለዚህ ነው ጥሩ ባለወፍጮ ዋናውን ፍተሻ ከድንጋዩ በፊት የሚጨርሰው። ለዓይን የማይታይም አለ። ስንዴ በሚያብብበት ሰሞን ዝናብ ከበዛ ፉዛሪየም የተባለ ሻጋታ ዲኦክሲኒቫሌኖል የሚባል መርዝ ይተውበታል። ይህን መርዝ የምድጃ ሙቀትም በወጉ አያጠፋውም። በብሪታንያ ለሽያጭ በቀረበ ዱቄት ውስጥ የተፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 750 ማይክሮግራም ነው። ትንሽ ወፍጮ የራሱ ላቦራቶሪ ስለሌለው እህሉ የተመረመረበትን ማስረጃ ከአቅራቢው ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ከማን እንደገዛና ለየትኛው ነጋዴ እንደሸጠም ይመዘግባል።

ሁለተኛው መግቢያ ድንጋዩ ራሱ ነው። በ1980ዎቹ በዮርዳኖስ ምዕራብ ዳርቻ መንደሮችና በላይኛው ገሊላ ሰዎች በከባድ የሆድ ቁርጠትና በደም ማነስ ሐኪም ቤት መመላለስ ጀመሩ። ደማቸው ሲመረመር የእርሳስ ማዕድን ተገኘበት፤ ምንጩ ሲፈለግ ደግሞ የሚበሉት ዱቄት ሆነ። ባለወፍጮዎቹ ዘንጉ ድንጋዩን የሚይዝበትን ብረት ለማጥበቅ እርሳስ አቅልጠው ያፈስሱ ነበር። ድንጋዩ በዞረ ቁጥር እርሳሱ እየተፋቀ ከዱቄቱ ጋር ወረደ፤ ሽታም ሆነ ጣዕም ስለሌለው ማንም አልጠረጠረም። ዛሬ አሮጌ ወፍጮ ሊያስነሣ የሚነሣ ሰው ድንጋዩን ገልብጦ ቀዳዳዎቹ በምን እንደተሞሉ ማየት ያለበት ለዚህ ነው። ከፓሪስ በስተምሥራቅ ካለችው ከላ ፈርቴ ሱ ዡዋር የሚመጣው ስመ ጥር የወፍጮ ድንጋይ እንኳን አንድ ወጥ አይደለም፤ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው፣ በብረት ቀለበት ታስረው፣ ጀርባቸው በጄሶ ተለስኖ ነው የሚሠራው። ድንጋዩ ከተወቀረ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ዱቄትም ደቃቅ ጠጠር ስላለው ይጣላል።

ሦስተኛው አደጋ እርጥበት ነው። ወንዝ ላይ የተሠራ ቤት ዱቄቱን ከውሃ መጠበቅ አለበት። ዓለም አቀፉ የኮዴክስ መስፈርት ለስንዴ ዱቄት የሚፈቅደው ርጥበት ቢበዛ 15.5 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይነሣል። ስለዚህ ወፍጮው በውሃ አይታጠብም። እንጨቱ በብሩሽ ይጠረጋል፣ ብናኙ በማሽን ይሳባል። ችላ ከተባለ የዱቄት ብል እጭ በአሸንዳው ጥግ ሐር መሰል ድር ያደራል፤ በዚያ ድር ላይ የሚጠራቀመው ዱቄት መተላለፊያውን እስኪዘጋ ድረስ ይረጋል።

አራተኛውን አደጋ ግን የትኛውም ወፍጮ አያስቆመውም። ዱቄት ጥሬ ምግብ ነው። መፍጨት ጀርም አይገድልም፤ በደረቅ ዱቄት ውስጥ ጀርም ባይራባም ወራት ሊቆይ ይችላል። በ2016 በአሜሪካ በ24 ግዛቶች 63 ሰዎችን ያሳመመው የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ የተነሣው ከዘመናዊ ፋብሪካ ዱቄት እንጂ ከጥንት ወፍጮ አልነበረም። ከታመሙት መካከል ጥሬ ሊጥ የቀመሱ ነበሩበት። ጀርሙን የሚገድለው የገዢው ምድጃ ነው።

በከረጢቱ ላይ የሚጻፈውም የሕጉ አካል ነው። የ1998ቱ የብሪታንያ የዳቦና የዱቄት ደንብ በስንዴ ዱቄት ላይ ካልሲየም፣ ብረት፣ ታያሚንና ናያሲን እንዲጨመር ያዛል፤ ፉርሽካው ያልወጣለት ሙሉ ዱቄት ግን ነፃ ነው። የድንጋይ ወፍጮ በብዛት የሚያመርተው ይህንኑ ሙሉ ዱቄት ነው። ባለወፍጮው ነጭ ዱቄት ለመሸጥ ብሎ በወንፊት ሲነፋው ግን ደንቡ ሥር ይገባል። በ2024 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ሙሉ ያልሆነ የስንዴ ዱቄት ከ2026 መጨረሻ ጀምሮ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት ያስገድዳል፤ ዓላማው ሕፃናትን ከአከርካሪና ከአንጎል አፈጣጠር ጉድለት መጠበቅ ነው። በእንግሊዝ በዓመት ከ500 ቶን በታች የሚፈጩ ወፍጮዎች ከዚህ ነፃ ናቸው። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት እንግዲህ የጥንቱን ወፍጮ ዱቄት ስትገዛ ፎሊክ አሲዱ አለበት ብላ ልትተማመን አይገባም፤ ከክኒን ልታገኘው ይኖርባታል።

የመጠቀሚያ ቀኑም ከፋብሪካው ዱቄት ያጠረ ነው። ድንጋይ የስንዴውን ፅንስ ከዘይቱ ጋር ስለሚፈጨው ዘይቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይበላሻል። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ መጣል ነው።

ሙዚየም ሄዶ ዱቄት የሚገዛ ሰው ስለ ግድግዳው እድሜ ባይጨነቅም ይሆናል። እህሉ ከየት መጣ? መቼ ተፈጨ? ድንጋዩ በምን ተጠግኗል? ብሎ ይጠይቅ። እህሉን በትክክል የለቀመ ባለወፍጮ ሦስቱንም ከመዝገቡ አውጥቶ ይመልሳል። መመለስ የማይችል ከሆነ መዘውሩ ምንም ያህል ቢያምር ዱቄቱን አለመግዛት ነው።