ያገለገለውን ዘፈን የመተው ጊዜ፦ ነባር የሙዚቃዊ ቴአትር ተዋንያንና አዲሱ የፈተና ዘፈን

በኒው ዮርክ ከተማ፣ በታይምስ አደባባይ አካባቢ በሚገኙ የልምምድ አዳራሾች በር ላይ ተዋንያን ተራ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው ገና ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች አሉ፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት በመድረክ ያሳለፉም አሉ። በእጃቸው የኖታ ወረቀቶች የተሰደሩበት ክላሴር ይዘዋል። በሙያው ቋንቋ ይህ ክላሴር «መጽሐፍ» ይባላል፤ ተዋናዩ በተጠየቀ ጊዜ ሊዘፍናቸው የተዘጋጀባቸው ዘፈኖች የሚገኙት በውስጡ ነው። ለወጣቱ ችግሩ ይህን መጽሐፍ መሙላት ነው። የነባሩ ተዋናይ ችግር ሌላ ነው፤ መጽሐፉ ሞልቷል፤ የሞላው ግን ከዐሥር ዓመት በፊት ለነበረው ሰው በሚስማሙ ዘፈኖች ነው።

ሙዚቃዊ ቴአትር ንግግር፣ ዘፈንና ውዝዋዜ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተዋሕደው የሚቀርቡበት የመድረክ ጥበብ ነው። ዋና ማዕከሎቹ የኒው ዮርኩ ብሮድዌይና የለንደኑ ዌስት ኤንድ ቢሆኑም ሥራዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችም ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ዱባይ ኦፔራ በዚያው ዓመት «ሌ ሚዜራብል»ን፣ በ2019 ደግሞ «ዘ ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ»ን አስተናግዷል። ተመልካቹ በመድረክ ላይ የሚያየው የረጅም ጉዞ መድረሻውን ነው፤ የጉዞው መነሻ ኦዲሽን የሚባለው የምርጫ ፈተና ነው።

ፈተናው አጭር ነው። በመጀመሪያው ዙር ለተዋናዩ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድለት 16 ወይም 32 ባር ብቻ ነው። ባር የሚባለው በኖታ ወረቀት ላይ ዜማው የሚከፋፈልበት ክፍል ሲሆን፣ 16 ባር ለመዝፈን የሚወስደው ጊዜ፣ እንደ ዘፈኑ ፍጥነት ቢለያይም፣ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይርቅም። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ተዋናይ መራጮች በአንድ ቀን በርካታ ሰዎችን ይሰማሉ። ስማቸው ብቻውን ትኬት ከሚያሸጥ ጥቂት ኮከቦች በስተቀር፣ የሥራ ዘመን ርዝመት ማንንም ከዚህ ፈተና ነፃ አያወጣም።

በዚህች አጭር ጊዜ ላይ የሚመሠረተው ነገር ግን ትንሽ አይደለም። የመድረክ ሥራ ትዕይንቱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፤ ተዋናዩም በማግስቱ ሥራ ፈላጊ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው የአሜሪካ የመድረክ ተዋንያን ማኅበር አባላት በሥራቸው በኩል የጤና መድን ለማግኘት በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ሳምንታት መሥራት ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር የአርባ አምስት ዓመት ተዋናይ የዘፈን ምርጫ የኑሮ ጉዳይ ጭምር ነው።

ይህን እውነታ ብሮድዌይ ራሱ ወደ መድረክ አውጥቶታል። «ኤ ኮረስ ላይን» ዳንሰኞች ስለ ሕይወታቸው በሰጡት ቃል ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንድ ኦዲሽን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ብሮድዌይ ገብቶ እስከ 1990 ድረስ 6,137 ጊዜ ታይቷል። ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ካሲ ቀድሞ ጎልታ የታየች፣ በኋላ ግን ሥራ አጥታ ከአጃቢ ዳንሰኞች ተርታ ለመሰለፍ የመጣች ባለሙያ ናት። ያለፈው ስኬቷ ሊረዳት ሲገባ እንቅፋት ይሆንባታል።

የተለወጠው ድምፅ፣ የተለወጠው ሚና

ነባር ተዋናይ የድሮ ዘፈኑን የሚወድበት በቂ ምክንያት አለው። ሥራ አስገኝቶለታል፤ ቢደክመውም ቢፈራም ሊዘፍነው ይችላል። አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ለዓመታት የተደጋገመ ዘፈን አፍ ላይ ይቀራል፤ ቃሉ ይወጣል፣ ሐሳቡ ግን አብሮት አይወጣም። ፈታኞቹ በትክክል የተዘፈነ ዜማ ይሰማሉ፤ የሚፈልጉት ግን በዚያች ቅጽበት የሚያስብና አንድ ነገር የሚሻ ሰው ማየት ነው።

ድምፅም ከሰውነት ጋር ይለወጣል። በሃያዎቹ ዕድሜ ቀላል የነበረው ከፍተኛ ኖታ በአርባዎቹ ጥረት ሊጠይቅ ይችላል፤ በአንጻሩ ዝቅ ያለው የድምፅ ክፍል ይበልጥ ሊዳብር ይችላል። ሚናውም እንዲሁ ነው። በ«ሌ ሚዜራብል» ወጣቷን ኮዜትን ሆና የተጫወተች ተዋናይት ከሃያ ዓመት በኋላ የምትጠራው ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሚስት፣ ለማዳም ቴናርዲዬ ሚና ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዋ ጥርት ያለና ከፍ የሚል ድምፅ ትሻለች፤ ሁለተኛዋ ቀልድ፣ ክፋትና ደፈር ያለ አዘፋፈን። ለሁለተኛዋ ሚና የኮዜትን ዓይነት ዘፈን ይዛ የምትገባ ተዋናይት የዛሬ ችሎታዋን ለፈታኞቹ ግምት ትተዋለች።

ዘፈን ከድምፅ ጋር ሲስማማ ምን ኃይል እንደሚያገኝ አንድ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 ለመድረክ የበቃው የስቲቨን ሶንድሃይም ሥራ «ኤ ሊትል ናይት ሚዩዚክ» ዋና ተዋናይት ግሊኒስ ጆንስ ነበሩ። ጆንስ ማራኪ ድምፅ ቢኖራቸውም ኖታን ለረጅም ጊዜ ማቆየት ይቸግራቸው ነበር። ሶንድሃይም ከዚህ ጋር አልታገሉም፤ «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ» የተሰኘውን ዘፈን በአጫጭር ሐረጎች፣ በተዋናይቷ ትንፋሽ ልክ ሰፉት። ዘፈኑ በዓለም ዙሪያ ታወቀ፤ ጆንስም በዚያ ሚና የቶኒ ሽልማት አገኙ። ነባሩ ተዋናይ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ያንኑ ዘፈን መድገም ሳይሆን፣ ዛሬ ያለውን ድምፅ ተቀብሎ በልኩ የተሰፋውን መፈለግ ነው።

የመድረኩ ጣዕምም አንድ ቦታ አይቆምም። «ዘ ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2023 በብሮድዌይ 13,981 ጊዜ ታይቷል። እንዲህ ባለ ትዕይንት ዓመታትን ያሳለፈ ተዋናይ የተረጋጋ ገቢ ያገኛል፤ ሲወጣ የሚጠብቀው ገበያ ግን ሲገባ ከተወው የተለየ ነው። በ1943 የቀረበው «ኦክላሆማ!» የሚጠይቀው ዓይነት አዘፋፈን ዛሬም ተፈላጊ ነው፤ ከጎኑ ግን ሮክና ፖፕ ተሰልፈዋል፤ በ2015 ብሮድዌይ የገባው «ሃሚልተን» ደግሞ ታሪኩን በአብዛኛው በራፕ ይተርካል።

አዲስ ማለት ያልታወቀ ማለት አይደለም

አዲስ ዘፈን ፍለጋ ሲባል ብዙዎች ማንም ያልሰማውን ወደ መቆፈር ይሮጣሉ። ፍለጋው ጥቅም አለው። በሊንከን ሴንተር የሚገኘው የኒው ዮርክ የትዕይንተ ጥበባት ቤተ መጻሕፍት የኖታ መጻሕፍትን ያውሳል፤ ቶሎ የተዘጉ ትዕይንቶች ዘፈኖችና ከምረቃ በፊት ከተውኔት የወጡ ቁርጥራጮችም የተደበቀ ሀብት ናቸው። የሶንድሃይም «ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» እ.ኤ.አ. በ1981 ከ16 ትዕይንት በኋላ ተዘግቶ ነበር፤ ዘፈኖቹ ግን በዘፋኞች ዘንድ ቆዩ፣ በ2023 እንደገና ብሮድዌይ ሲገባም በቀጣዩ ዓመት እንደገና ከቀረቡ ሙዚቃዊ ቴአትሮች ምርጥ ተብሎ የቶኒ ሽልማት ተቀዳጀ። የትዕይንት መውደቅ የዘፈን መውደቅ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ሆኖም ብርቅ መሆን ብቻውን መለኪያ አይሆንም። ፈታኞቹ የማያውቁት ዘፈን ጆሯቸውን ወደ ዘፈኑ ከሳበና ዘፋኙን ካስረሳ ዓላማውን ስቷል። በሌላ በኩል፣ ከአንድ ታዋቂ ኮከብ ጋር ተጣብቆ የቀረ ዘፈን ንጽጽርን ይጋብዛል። መካከለኛው መንገድ የታወቀ ደራሲ ብዙ ያልተዘፈነ ሥራ፣ ወይም ተዋናዩ በዛሬ ዕድሜው ሌላ ትርጉም የሚያገኝለት የቆየ ዘፈን ነው። በሃያ ዓመት ዕድሜ የተስፋ መዝሙር የነበረ ግጥም፣ በሃምሳ ዓመት ሰው አንደበት ጸጸት ወይም ጽናት ሊሆን ይችላል።

ፒያኖ ተጫዋቹም ሊታሰብበት ይገባል። ይህ ባለሙያ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በፈተናው ክፍል ውስጥ ነው። የጄሰን ሮበርት ብራውን ሥራዎች፣ ለምሳሌ፣ ለፒያኖ ከባድ በመሆናቸው ይታወቃሉ፤ ይህን መሰል ኖታ ያለ ዝግጅት ማቅረብ አጃቢውንም ዘፋኙንም ያስቸግራል። ስለዚህ ወረቀቱ ለዘፋኙ በሚስማማው የድምፅ ከፍታ የተጻፈ፣ መነሻውና መድረሻው በግልጽ የተመለከተ፣ ገጾቹም በቀላሉ የሚገለጡ መሆን አለባቸው።

ከረጅም ዘፈን 16 ባር መቁረጥም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከፍተኛው ኖታ ያለበትን ጫፍ ብቻ መርጦ መቁረጥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ምክንያት የሌለው ጩኸት ይሆናል። ጥሩ ቁራጭ ትንሽ ታሪክ አለው፤ ተናጋሪው ለማን እንደሚናገር ይታወቃል፣ አንድ ነገር ይሻል፣ ሲጨርስም ሲጀምር ከነበረበት ሁኔታ ተለውጧል።

ጠንቃቃ ተዋናይ ክላሴሩን በአንድ ቀን ባዶ አያደርግም። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ እያነሣ «ይህ ዘፈን የትኛውን ሚና ያሳያል? ያ ሚና ዛሬ ለእኔ ይሰጣልን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አይሰጥም» ከሆነ በዚያው ስልት ሌላ ይተካበታል፤ ለክላሲካዊው፣ ለቀልደኛው፣ ለፖፑ እያንዳንዳቸው። አዲሱንም ወዲያው ወደ ፈተና አይወስደውም፤ ከድምፅ አስተማሪ ጋር ሳምንታት ያለማምደዋል፣ በሚያምናቸው ሰዎች ፊትም ይፈትነዋል። በተረጋጋ ክፍል ውስጥ የተጠና ዘፈን በፍርሃት ሰዓት እንዴት እንደሚሆን የሚታወቀው በሰው ፊት ሲቀርብ ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የብሮድዌይ ቴአትሮች በወረርሽኙ ምክንያት ከተዘጉ ወዲህ በቪዲዮ ተቀርጾ የሚላክ ኦዲሽን ይበልጥ ተለምዷል። ቀረጻውን መደጋገም መቻሉ ጥቅም ነው። ካሜራው ግን ፊትን ያቀርባል፤ በልማድ የሚዘፈን ዘፈንም በዓይን ላይ ይታወቃል።

ነባርነት ሀብት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ ገና የሚማረውን የመድረክ ሥርዓት ነባሩ ያውቀዋል፤ ትንፋሹን መቼ እንደሚቆጥብ፣ ዝምታ ምን ያህል እንደሚናገር ያውቃል። የሚጎድለው፣ ያንን ዕውቀት የሚሸከም የዛሬ ዘፈን ነው። የድሮው ዘፈን ውለታው አይረሳም፤ ሥራውን ግን ጨርሷል። ወደ ፈተናው ክፍል ሊገባ የሚገባው ተዋናዩ አሁን የሆነውን ሰው የሚያሳየው ዘፈን ነው።