ያልታየችውም ወፍ ትጻፋለች

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲቆም፣ ጭራዋ ለሁለት የተሰነጠቀ ጨረባ በማሳው ላይ ዝቅ ብላ ስትበር ታያላችሁ። ከሰሜን እንደመጣች የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ግን ከየትኛው አገር? መቼ ተነሥታ? አምና የመጣችው እሷው ናት ወይስ ሌላ? ይህን ዓይን ብቻውን አይመልሰውም፤ አንዷን ጨረባ ከሌላዋ መለየት አይቻልምና።

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ የሚፈልጉ የወፍ መከታተያ ጣቢያዎች አሉ። ስማቸው ሲጠራ ትልልቅ ቴሌስኮፕ የተደረደረበት ሕንፃ በሐሳብ ይመጣል። ሲገቡበት ግን ወጥ ቤት፣ ጥቂት አልጋ፣ መረብ፣ ሚዛንና ደብተር ነው። እኔ እንደምረዳው ከሁሉም ዋናው ደብተሩ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ዴንማርካዊ አስተማሪ ነው። ሞርተንሰን ይባላል። ቪቦርግ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1899 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስታርሊንግ የሚባሉ ወፎችን ይዞ በእግራቸው ላይ የአሉሚኒየም ቀለበት አሰረላቸው። ቀደም ሲል በዚንክ ሞክሮ ለወፎቹ ከብዷቸው ነበር። በቀለበቱ ላይ ቁጥርና አድራሻ ቀረጸበት፤ ያገኘው ሰው ይጽፍለት ዘንድ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1901፣ ዮሐንስ ቲነማን የተባለ ጀርመናዊ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ሮሲተን በምትባል መንደር የመጀመሪያውን ቋሚ ጣቢያ ከፈተ። መንደሯ ዛሬ ሩሲያ ውስጥ ናት፤ ስሟም ሪባቺ ተብሏል።

የቀለበቱ ጥቅም ጎልቶ ከታየባቸው ወፎች አንዷ ግን ጨረባ ናት። በሜይ 1911 እንግሊዝ አገር ስታፎርድሸር ውስጥ አንዲት ጨረባ ቀለበት ታሰረላት። በዲሴምበር 1912 ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል፣ አንድ የገበሬ ቤት ውስጥ ተያዘች። ቀለበቱ ላይ በተነበበው የለንደን አድራሻ ደብዳቤ ተላከ። የእንግሊዝ ጨረባ ክረምቷን የት እንደምታሳልፍ እስከዚያ ድረስ መላ ምት ብቻ ነበር። መልሱን ያመጣው አንድ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ባይጻፍ ኖሮ ቀለበቱ ቁራጭ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ጣቢያው በቀን ውስጥ ምን ይሠራል? ፌር አይልን እንይ። በስኮትላንድ ሰሜን፣ በኦርክኒና በሼትላንድ ደሴቶች መካከል ለብቻዋ የተቀመጠች፣ ርዝመቷ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ደሴት ናት። ጣቢያውን ያቋቋመው ጆርጅ ዋተርስተን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀርጤስ ላይ ተማርኮ ጀርመን እስር ቤት ሳለ ነበር ዕቅዱን የነደፈው፤ ጣቢያው በ1948 ተከፈተ። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ተሰዳጅ ወፎች የሚበሩት ሌሊት ነው። ባሕሩን ሲያቋርጡ ነፋሱ ከዞረ፣ ወይም ዝናብና ጉም ከያዛቸው፣ መጀመሪያ ያገኙት መሬት ላይ ይወርዳሉ። ፌር አይል ላይ ደግሞ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ የወረደች ወፍ መደበቂያዋ የድንጋይ ካብና ጥቂት ቁጥቋጦ ነው። በዚህች ትንሽ ደሴት ላይ እስካሁን ከ380 በላይ የወፍ ዝርያዎች የታዩት በዚህ ምክንያት ነው። እስራኤል ውስጥ ኤላት ላይ ያለው ጣቢያም በዚሁ ዘዴ ይሠራል፤ ልዩነቱ ባሕሩ በረሃ መሆኑ ነው። ሰሃራንና ሲናን አቋርጣ የደከመች ወፍ የምታየው የመጀመሪያ አረንጓዴ ቦታ ላይ ታርፋለች። ያ አረንጓዴ ቦታ ቀድሞ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር።

ፌር አይል ላይ ሥራው የሚጀምረው ከቁርስ በፊት ነው። በካቡ ዳር ዳር አፋቸው ሰፊ፣ ወደ ውስጥ እየጠበቡ የሚሄዱ፣ በሽቦ መረብ የተሸፈኑ ወጥመዶች አሉ። ስማቸውን ያገኙት ከጀርመን ደሴት ከሄሊጎላንድ ነው። ሠራተኞቹ ቁጥቋጦውን እየነካኩ ቀስ ብለው ሲሄዱ ወፎቹ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይገባሉ፤ እዚያ ያለች ሳጥን ትቀበላቸዋለች። ሌሎች ጣቢያዎች በዓይን የማይለይ ቀጭን የናይሎን መረብ በቁጥቋጦ መካከል ይዘረጋሉ። መረቡ በየሃያና በየሠላሳው ደቂቃ ይታያል፤ ዝናብና ብርቱ ነፋስ ካለ ይታጠፋል። ይህን ለማድረግ ሥልጠናና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወፍ ይዞ መልቀቅ ቀላል ይመስላል እንጂ አጥንቷ ስስ ነው።

የተያዘችው ወፍ በጥጥ ከረጢት ገብታ ወደ ጠረጴዛ ትመጣለች። አንገቷ በአመልካችና በመሐል ጣት መካከል ይያዛል፤ በዚህ አያያዝ አትታፈንም፣ አትፈራገጥም። ቀለበቱ በልዩ ጉጠት ይዘጋል። ክንፏ ይለካል። የላባዋ አበቃቀልና ቀለም ታይቶ ዘንድሮ የተፈለፈለች መሆንና አለመሆኗ ይጻፋል። ቀጥሎ መዛኙ ጉሮሮዋ ሥር ያለውን ላባ በትንፋሹ እፍ ይላል። የወፍ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ስብ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ሞልቶ ከሆነ ለረጅም ጉዞ ተዘጋጅታለች፣ ባዶ ከሆነ አሁን መድረሷ ነው። ጋርደን ዋርብለር የምትባለው ወፍ በሌላ ጊዜ ክብደቷ ከ16 እስከ 18 ግራም ገደማ ነው፤ ሰሃራን ልትሻገር ስትል ግን እጥፍ ወደ መሆን ትቃረባለች። ይህን ሁሉ ጽፈው በደቂቃዎች ውስጥ ይለቋታል።

ቀኑን ሙሉ ደግሞ ደሴቷ በክፍል ተከፋፍላ በእግር ትታሰሳለች። አንድ ሰው በአንድ ክፍል፣ በየቀኑ፣ በዚያው መንገድ። ማታ እራት ከተበላ በኋላ ሠራተኛውም እንግዳውም ይሰበሰባል፤ አንዱ የወፎቹን ስም ከመዝገቡ በተራ ይጠራል፣ ሌሎቹ ያዩትን ቁጥር ይናገራሉ። ሁለት ሰው ያያት አንድ ወፍ ሁለት እንዳትሆን ይከራከራሉ። የዕድር ጸሐፊ ስም ሲጠራ የመጣው ብቻ ሳይሆን የቀረውም ምልክት እንደሚደረግበት ሁሉ፣ እዚህም ያልታየችው ወፍ አልታየችም ተብላ ትጻፋለች።

ለሥራው እንግዳ የሆነ ሰው ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ግን አንድ ሰው «ዛሬ አሥር ጨረባ አየሁ» ብቻ ቢለኝ ብዙም አልነገረኝም። ስንት ሰዓት ፈልጎ? ትናንትስ? ፈልጎ አጥቶ ነው ወይስ ሳይወጣ ቀርቶ? በአንድ ቦታ፣ በአንድ መንገድ፣ በእኩል ድካም ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የተቆጠረ ከሆነ ግን ቁጥሩ ሲቀንስ የቀነሰችው ወፏ ናት፤ የቆጣሪው ስንፍና አይደለም። ብርቅ ወፍ ለማየት የሚጎርፈው ሰው ሲመጣ ጣቢያው ይደሰታል፤ ገንዘብም ያገኛል። ሳይንሱ ግን የቆመው በአሰልቺው ቀን ላይ ነው።

የታየውን ለሌሎች ማካፈሉም በዚሁ ሕግ ነው የሚሄደው። አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለው የወፍ ምርምር ማዕከልና ኦዱበን የተባለው ማኅበር በ2002 የከፈቱት ኢበርድ፣ ማንም ሰው ያየውን የሚያስገባበት መዝገብ ነው። ምን ያህል ሰዓት እንደቆያችሁና ምን ያህል ርቀት እንደሄዳችሁ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «የለያችኋቸውን ወፎች በሙሉ ጽፋችኋል?» ይላል። አዎ ካላችሁ፣ በዝርዝሩ ላይ የሌለችው ወፍ እንዳልተገኘች ይቆጠራል። ሁሉም ነገር ለሁሉም ይታያል ማለት ግን አይደለም፤ አዳኝና እንቁላል ሌባ የሚፈልጋቸው ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታ ይሸሸጋል፤ ይህም ተገቢ ነው። መዝገብን በሌላ ቦታም ማስቀመጥ ከጥፋት ያድናል፤ የፌር አይል ጣቢያ ሕንፃ በማርች 2019 በእሳት ወደመ። መዝገቦቹ ግን ቀደም ብለው ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠው ስለነበር ተረፉ።

የተከማቸው ደብተር መቼ ሥራ ላይ ይውላል ለሚል፣ የዌልስን ባርድሲ ደሴት ልጥቀስ። ጉም ባለበት ሌሊት በደሴቷ ላይ ያለው የመርከብ መብራት ማማ ነጭ ብርሃን ተሰዳጅ ወፎችን ይስባቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ተጋጭተው ይሞታሉ። በ1953 የተቋቋመው ጣቢያ ሟቾቹን ለዓመታት ሲመዘግብ ኖረ። በ2014 መብራቱ በቀይ ተለወጠ፤ ወፎቹም ወደ ማማው መጉረፋቸውን አቆሙ።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ፣ ትልቁ መግቢያ በር ባብ ኤል መንደብ ነው። በሞቃት አየር ላይ እየተንሳፈፉ የሚጓዙ ንስሮችና ሌሎች አዳኝ ወፎች ሰፊ ባሕር ማቋረጥ ስለሚከብዳቸው ከየመን ወደ ጅቡቲ በጠባቡ በኩል ይሻገራሉ። በ1987 መኸር እዚያ ቁጭ ብለው የቆጠሩ ሰዎች ከ240,000 በላይ መዝግበዋል። አገር ውስጥ ደግሞ በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በጥር ወር ገደማ በሐይቆችና በረግረጎች ላይ የውኃ ወፎችን ያስቆጥራል፤ በዚያው ሰሞን በሌሎች አገሮችም ይቆጠራል። ወሩ የተመረጠው በነሲብ አይደለም፤ ዳክዬዎቹ ክረምት ማሳለፊያቸው ላይ ረግተው የሚቀመጡበት ጊዜ ስለሆነ አንዷ ወፍ በሁለት ሐይቅ የመቆጠር ዕድሏ ያንሳል።

ቀለበት ያላት ወፍ ብታገኙስ? ቀለበት ከታሰረላቸው ትንንሽ ወፎች ሞታ ወይም ተይዛ ወሬዋ የሚሰማው ከመቶ አንድ እንኳ ስለማይሞላ፣ እያንዳንዷ ዜና ትፈለጋለች። ቁጥሩን ከነፊደሉ፣ ቀጥሎም የተጻፈውን አድራሻ ወይም የአገር ስም በሙሉ ገልብጡ፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት ከስሕተት ያድናል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሞታ ይሁን በሕይወት እንዳገኛችኋት ጻፉ። የዘመን አቆጣጠሩን ግለጹ፤ የውጭ አገር ጸሐፊ የእኛን 2017 በራሱ 2017 ሊወስደው ይችላል። በሕይወት ካለች ቀለበቱን አታውልቁ። አድራሻው አልነበብ ካለ ከላይ የተጠቀሰው የኢትዮጵያ ማኅበር ሊያግዛችሁ ይችላል። መልስ ሲመጣ ወፏ የት፣ መቼና በስንት ዕድሜዋ ቀለበት እንደታሰረላት፣ በመካከሉም ስንት ኪሎ ሜትር እንዳለ ይነግራችኋል።